ፍራንሲስ ንጋኑ፦ ከጡጫው ጀርባ ያለው ትግልና ውል

በኖቬምበር 2018 ቤጂንግ ላይ ከርቲስ ብሌይድስ በፍራንሲስ ንጋኑ ጡጫ በ45 ሰከንድ ተዘረረ። በፌብሩዋሪ 2019 ፊኒክስ ላይ ኬይን ቬላስኬዝ በ26 ሰከንድ፣ በዚያው ዓመት ጁን ወር ሚኒያፖሊስ ላይ ጁኒየር ዶስ ሳንቶስ በ1 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በሜይ 2020 ጃክሰንቪል ላይ ደግሞ ጃይርዚኞ ሮዘንስትራይክ በ20 ሰከንድ ተከተሉት። አራቱ ፍልሚያዎች ሲደመሩ 2 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ናቸው፤ የአንድ ዙርን ግማሽ በጥቂቱ ቢያልፉ ነው። እነዚህን ቪዲዮዎች ብቻ ያየ ሰው ስለ ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ጡጫው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።»

ጡጫው እውነት ነው። ነገር ግን ከባድ ሚዛን ውስጥ ከባድ ጡጫ ያለው ሰው ሞልቷል፤ አብዛኛውም ቀበቶ ሳይታጠቅ ነው ጓንቱን የሚሰቅለው። ንጋኑን ሻምፒዮን ያደረጉትና ከሻምፒዮንነት በኋላም የራሱ ጌታ እንዲሆን ያስቻሉት በቪዲዮ ቅንጭብ የማይታዩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ትግል፣ ሌላው የውል ወረቀት። ሁለቱንም የተማረው ከተሸነፈ በኋላ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖርቱን ለማያውቅ

ኤምኤምኤ ወይም ድብልቅ ማርሻል አርት ቦክስን፣ እርግጫን፣ ትግልንና ማነቅን በአንድ መድረክ የሚያገናኝ ፍልሚያ ነው። ተራ ፍልሚያ ሦስት ዙር፣ የሻምፒዮንነት ፍልሚያ አምስት ዙር አለው፤ እያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ ሲሆን በመሃል የ1 ደቂቃ እረፍት ይሰጣል። ፍልሚያው በዝረራ፣ ተጋጣሚ እጅ ሲሰጥ ወይም የመሃል ዳኛው ሲያስቆመው ያልቃል። ካልሆነ ሦስት ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9 ያገኛል፤ በግልጽ የተበለጠ ከሆነ ደግሞ 8። ከባድ ሚዛን ከ93 ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምርና 120.2 ኪሎ ላይ ያበቃል፤ ይህም 265 ፓውንድ መሆኑ ነው። ጓንቱ 4 አውንስ ነው፤ 113 ግራም ያህል። ጣቶቹ ክፍት ናቸው፣ ምክንያቱም መያዝና ማነቅ ይፈቀዳል። የከባድ ሚዛን ቦክስ ጓንት 10 አውንስ መሆኑን ያስታውሱ፤ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

አንድ ነገር ልብ ካልተባለ የንጋኑ ታሪክ አይገባም። ጡጫ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመሬት ነው። እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የተረጋጋ እግርና በመሃል ያለ ርቀት። ታጋይ ደግሞ ሥራው ሁለቱን መንጠቅ ነው። ወገብ ላይ ተጣብቆ ርቀቱን ያጠፋል፣ እግሩን ይዞ ከመሬት ያላቅቀዋል። ስለዚህ የዓለም ከባዱ ቡጢ መሬት ላይ በጀርባው የተኛ ሰው እጅ ውስጥ ሲሆን የረባ ጉዳት አያደርስም።

ዘግይቶ የጀመረ ሰው

ንጋኑ በሴፕቴምበር 1986 በምዕራብ ካሜሩን ባቲዬ በምትባል ቦታ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ለእንጀራ ሲል አሸዋ ማውጫ ውስጥ በአካፋ ይሠራ ነበር። ቦክስ የጀመረው ሃያዎቹን ከያዘ በኋላ ነው። በ2012 አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በናይጄሪያ፣ በኒጀር፣ ሰሃራን አቋርጦ በአልጄሪያ፣ ከዚያ ሞሮኮ። ሞሮኮ ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ፤ ወደ ስፔን ለመሻገር ደጋግሞ ሞክሮ ደጋግሞ ተመለሰ። በመጨረሻ ሲሳካለት ስፔን ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ታሰረ። በሱዳንና በሊቢያ በኩል የሚወጣውን መንገድ በቅርብ ለሚያውቅ አንባቢ ዝርዝሩ እንግዳ ስለማይሆን እዚህ ላይ አናበዛም።

በ2013 ፓሪስ ሲደርስ ቤት ስላልነበረው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ያድር ነበር። የመጣው ቦክሰኛ ለመሆን ነው፤ ቁመናውን ያዩ ሰዎች ግን ወደ ኤምኤምኤ መሩት። ቁመቱ 193 ሳንቲ ሜትር፣ ክንዶቹን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 211 ሳንቲ ሜትር ነው። ኤምኤምኤ ፋክተሪ የተባለው ጂም አሠልጣኝ ፈርናንድ ሎፔዝ ተቀበለው። በኖቬምበር 2013 የመጀመሪያ ፍልሚያውን አደረገ፣ ሁለተኛውን ተሸነፈ፣ በዲሴምበር 2015 ትልቁ የኤምኤምኤ ድርጅት ወደሆነው ዩኤፍሲ ገባ።

የጀመረው በ27 ዓመቱ መሆኑ ተራ መረጃ አይደለም። ቡጢ ከመንደርም ከቦክስ ጂምም ይመጣል፤ ትግል ግን ልጅነትን ይበላል። አሜሪካ ውስጥ ልጆች በትምህርት ቤት ምንጣፍ ላይ እየወደቁና እየተነሱ ያድጋሉ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሰውነታቸው ማሰብ ሳያስፈልገው ሚዛኑን ይጠብቃል። በኋላ ንጋኑን የገጠመው ስቲፔ ሚዮቺች ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ወክሎ የታገለ ሰው ነው። ንጋኑ ይህን ሁሉ በጎልማሳ ዕድሜው፣ እያሸነፈ ባለበት ወቅት መማር ነበረበት። እያሸነፉ መማር ደግሞ ከባድ ነው፤ ፍልሚያው በመጀመሪያው ዙር የሚያልቅለት ሰው ጉድለቱን የሚያሳየው የለም።

በዲሴምበር 2017 ዲትሮይት ላይ አሊስታይር ኦቨሪምን በ1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ፣ ከስር ወደ ላይ በወጣ የግራ ጡጫ ዘረረው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የተሰበረ የመሰለበት ያ ምስል ዓለምን ዞረ። በዚያው ወር ንጋኑ ከዩኤፍሲ ጋር የ8 ፍልሚያ ውል ፈረመ። ይህን ቀን ያዙልኝ።

ቦስተን፣ 25 ደቂቃ

ጃንዋሪ 20 ቀን 2018 ንጋኑ ለቀበቶው ሚዮቺችን ገጠመ። አቋማሪዎች ያደሉት ለሻምፒዮኑ ሳይሆን ለተፎካካሪው ነበር። ንጋኑ 119 ኪሎ፣ ሚዮቺች 112 ኪሎ ገደማ መዘኑ።

የመጀመሪያው ዙር እንደተጠበቀው ጀመረ። ንጋኑ በትልልቅ ቡጢዎች ገባ፤ ጥቂቶቹ አረፉ፣ ብዙዎቹ አየር መቱ። የፍልሚያው ቁልፍ እነዚያ አየር የመቱት ናቸው። ጡንቻ ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚያወጣው ድንገተኛ ጉልበት ውስጡ ከተጠራቀመ ፎስፎክሬቲን የሚገኝ ነው፤ እሱ በ10 ሰከንድ ገደማ ይሟጠጣል፣ ተመልሶ ለመሙላትም ደቂቃዎች ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ስኳር ያለ ኦክስጅን ማቃጠል ይጀምራል፤ ክንድ ይከብዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የሳተ ቡጢ ደግሞ ካረፈው ይበልጥ ያደክማል። ያረፈውን የሚያቆመው የተጋጣሚ ፊት ነው፤ የሳተውን የሚያቆመው የመቺው የገዛ ትከሻና ጀርባ ነው፤ ከዚያም ሚዛኑን እንደገና መሰብሰብ አለበት። ጡንቻው የበዛ ሰው ኦክስጅን የሚጠይቀውም የዚያኑ ያህል ነው።

ሚዮቺች ያደረገው ቀላል ይመስላል። ቡጢው ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ከስር ያሳልፈዋል፣ ወገቡን ወይም እግሩን ይይዛል፣ መድረኩን ወደከበበው የሽቦ አጥር ይገፋዋል፣ ይጥለዋል። ፍልሚያው ሲያልቅ ስድስት ጊዜ ጥሎት ነበር። ሲጥለው ግን በመደብደብ አይቸኩልም። ደረቱን ጀርባው ላይ ወይም ጎኑ ላይ ጭኖ ከመቶ ኪሎ በላይ ያሸክመዋል። ያልሠለጠነ ሰው ከዚህ ቦታ ለመነሳት የሚያደርገው ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ በጉልበት መግፋት ነው። የላይኛው ሰው እጁን ይስብበታል፣ ተመልሶ ይወድቃል፤ እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ይወድቃል። ጉልበቱ የሚያልቀው በዚህ ነው። ከሁለተኛው ዙር ማብቂያ ጀምሮ ንጋኑ እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ እንኳ ከብዶት ነበር።

ሦስቱም ዳኞች 50 ለ44 ጻፉ። አምስት ዙር በሙሉ በ10 ለ9 ቢያልቅ 50 ለ45 ይሆን ነበር፤ 44 የሚለው ቁጥር ከዙሮቹ አንዱ 10 ለ8 መሆኑን ይናገራል። ሚዮቺች በዚያ ሌሊት የከባድ ሚዛንን ቀበቶ በተከታታይ ሦስት ጊዜ በማስከበር የመጀመሪያው ሆነ።

ከሽንፈቱ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። በጁላይ 2018 ላስ ቬጋስ ላይ ከዴሪክ ሉዊስ ጋር ባደረገው ፍልሚያ ንጋኑ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያሳረፈው ምት 11 ብቻ ነው፤ ሉዊስ 20። ተመልካቹ ጮኸባቸው። ቦስተን ላይ ቡጢ በመወርወር ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ጨርሶ መወርወር ተወ፤ የጉልበት ችግር ወደ ጭንቅላት ገብቶ የፍርሃት ችግር ሆነ። እሱ ራሱም ከፍልሚያው በኋላ ያለፈውን ፍልሚያ ፍርሃት ተሸክሞ እንደገባ በይፋ ተናግሯል። ተመልካቾች «ሰነፈ» ብለው ነበር፤ የታየው ግን የስንፍና ተቃራኒ ይመስለኛል፤ ጉልበቱን ለመቆጠብ አብዝቶ የተጨነቀ ሰው።

ምን ተማረ?

ንጋኑ ማዕከሉን ወደ ላስ ቬጋስ አዛወረ፤ ኤክስትሪም ኩቱር ከተባለው ጂም ከአሠልጣኝ ኤሪክ ኒክሲክ ጋር መሥራት ጀመረ። አለመውደቅን መማር ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጉልበት ብቻ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ትምህርት ዳሌ ነው። ተጋጣሚ ወደ እግር ሲወረወር ደመ ነፍስ የሚያዘው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መግፋት ነው፤ ይህ ደግሞ እግርን እዚያው ስለሚተወው መያዝ ያቀላል። ትክክለኛው መልስ ሁለቱንም እግር ወደ ኋላ ወርውሮ ዳሌን ወደ ታች መጣል፣ ክብደትን በሙሉ በአጥቂው ትከሻና አንገት ላይ ማሳረፍ ነው። ታጋዮች ስፕሮል ይሉታል። 119 ኪሎ ሰው ይህን በወቅቱ ካደረገው አጥቂው ፊቱን መሬት ላይ ያገኘዋል። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ግን ምንም አይጠቅምም፤ እግሩ ተይዟል።

ሁለተኛው እጅ ነው። ሁለት ሰዎች ሲተቃቀፉ ክንዱን በተጋጣሚው ብብት ስር ያስገባ ሰው መሪ ነው፤ ያነሳዋል፣ ያዞረዋል። ከላይ ያቀፈው ይጎተታል። ስለዚህ ሽቦው ላይ የተጣበቀ ሰው ሥራው የማያቋርጥ የእጅ ሽሚያ ነው። አንጓ መያዝ፣ ማላቀቅ፣ ብብት ስር መግባት፣ ጭንቅላትን ከተጋጣሚው አገጭ ስር መትከል። ሦስተኛው መነሳት ነው። በጀርባ መሬቱን መግፋት ሳይሆን ወደ ሽቦው መንፏቀቅ፣ ጀርባን ሽቦው ላይ ማስደገፍ፣ አንድ እጅ ተክሎ በሌላው ተጋጣሚን እየገፉ ዳሌን ማንሳት። ይህ ልምምድ የሚሠራው ከድካም በኋላ ነው፤ በትኩስ ጉልበት ሁሉም ሰው ይነሳል።

ከ2018 እስከ 2020 ያሉት አራት ፈጣን ድሎች ይህን ትምህርት ሸፈኑት። ብሌይድስም ቬላስኬዝም የታወቁ ታጋዮች ናቸው፤ ግን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኙም። ንጋኑ ተለውጦ ይሆን ወይስ አልተለወጠም፣ ከጂሙ ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መልሱ በማርች 27 ቀን 2021 መጣ፤ ላስ ቬጋስ፣ ሁለተኛው የሚዮቺች ፍልሚያ። ሚዮቺች በዚህ ጊዜ 106 ኪሎ ነበር፤ ፍጥነትና ትንፋሽ ፈልጎ ቀልሎ መጣ። ቦታው ዩኤፍሲ ኤፔክስ ነው፤ መድረኩ 7.6 ሜትር ስፋት ያለው ትንሹ ነው፣ የተለመደው 9.1 ሜትር ነው። ማፈግፈጊያ ያጣ ሰው ከመቺ ፊት ቶሎ ይገኛል።

ንጋኑ አልሮጠም። በእርግጫና በቀጥታ የፊት እጅ ቡጢ ርቀት ይለካ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሚዮቺች ወደ እግሩ ገባ፤ ቦስተን ላይ ስድስት ጊዜ የሠራው ነገር ነው። ንጋኑ እግሩን ወደ ኋላ ጣለ፣ ክብደቱን ጫነ፣ ከኋላው ዞሮ በቡጢ መታው። ለእኔ ቀበቶው የተወሰነው እዚያ ላይ ነው። መጣል የማይችለውን ሰው መግጠም ማለት በርቀት ቆሞ ከእሱ ጋር ቡጢ መለዋወጥ ነውና፣ ሚዮቺች ከዚያ በኋላ ምርጫ አልነበረውም። በሁለተኛው ዙር 52ኛ ሰከንድ ላይ በግራ እጅ ተዘረረ። ንጋኑ አፍሪካ ውስጥ የተወለደ የመጀመሪያው የዩኤፍሲ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ጊዜ ናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳኛም በየሚዛናቸው ቀበቶ ይዘው ነበር።

የተበጠሰ ጉልበትና የቀረው መንገድ

ድሉ ከተገኘ አምስት ወር ሳይሞላው፣ በኦገስት 2021፣ ዩኤፍሲ በዚያው ሚዛን ጊዜያዊ ቀበቶ አዘጋጀ፤ ፈረንሳዊው ሲሪል ጋን ወሰደው። የጋን አሠልጣኝ ደግሞ ፈርናንድ ሎፔዝ ነው፤ የንጋኑ የፓሪስ አሠልጣኝ። ሁለቱ በጃንዋሪ 22 ቀን 2022 አናሃይም ላይ ተገናኙ።

ንጋኑ ወደዚህ ፍልሚያ የገባው በልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማቶች ተጎድተው ነው። ጉልበትን ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚይዘው የጎን ጅማትና ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚያግደው የመሃል ጅማት ናቸው። ጡጫ የሚነሳው ከእግር መዞር ነው ብለናል፤ መዞሩን የሚሸከሙት እነዚህ ጅማቶች ናቸው። ጋን ደግሞ በእንቅስቃሴ የታወቀ ነው፤ እሱን ለማባረር መሽከርከርና አቅጣጫ መቀየር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ጋን ወሰደ።

በሦስተኛው ዙር ንጋኑ የጋንን እርግጫ ያዘና አንስቶ ጣለው። ከዚያ በኋላ ፍልሚያው ሌላ ሆነ። በአምስቱ ዙሮች በድምሩ አራት ጊዜ ጣለው፣ በላዩ ላይ ተቀመጠ፣ ጊዜውን በላ። ትግል ለተጎዳ ጉልበት ይሻላል ማለት አይደለም፤ ግን ተጋጣሚ መሬት ላይ ሲሆን ማባረር የለም። አምስተኛው ዙር ላይ ጋን ራሱ ንጋኑን ጣለው። በዚያ ቦታ በላዩ ላይ ቢቆይ ዙሩ የእሱ ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን ተረከዙን ጠምዝዞ ለማስጨረስ ሲል ወደ ኋላ ተኛ። ይህ ጥቃት ካልተሳካ የላይኛውን ቦታ በነጻ መስጠት ነው፤ አልተሳካም፣ ንጋኑ ከላይ ሆኖ ዙሩን ጨረሰ። ዳኞች 48 ለ47፣ 48 ለ47፣ 49 ለ46 ለንጋኑ ፈረዱ። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ልዩነቱ አንድ ዙር ነው። ከዚህ በፊት ያሸነፋቸው ፍልሚያዎች አንዱም እስከ አምስተኛ ዙር አልሄደም ነበር።

ውሉ

አሁን ወደ ዲሴምበር 2017 ፊርማ እንመለስ። ከቦስተን እስከ አናሃይም ፍልሚያዎቹን ይቁጠሩ፦ ሚዮቺች፣ ሉዊስ፣ ብሌይድስ፣ ቬላስኬዝ፣ ዶስ ሳንቶስ፣ ሮዘንስትራይክ፣ ሚዮቺች፣ ጋን። ስምንት። ውሉ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም።

የዩኤፍሲ ውል የሚቆጥረው ሁለት ነገር ነው፤ የፍልሚያ ብዛትና ጊዜ። ተፋላሚው በውሉ ዘመን ሌላ ቦታ መፋለም አይችልም፤ ቦክስም ቢሆን። የቀረበለትን ፍልሚያ እምቢ ካለ ወይም በጉዳት ከቆየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ቤት ተቀምጦ ውል ማስጨረስ አይቻልም። ከሁሉ የሚከብደው የሻምፒዮን አንቀጽ ነው። ተፋላሚው ውሉ በሚያልቅበት ጊዜ ቀበቶ ከያዘ ውሉ በራሱ ይራዘማል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ጋን አሸንፎት ቢሆን ኖሮ ንጋኑ ነጻ ለመውጣት ይቀርብ ነበር፤ በማሸነፉ ታሰረ።

የሻምፒዮን አንቀጹ ግን እስከ ዘላለም አይሄድም። በኋለኞቹ ውሎች ውስጥ ከፊርማው ቀን አምስት ዓመት ሲሞላ ሁሉም ነገር የሚያበቃበት ገደብ ገብቷል። ዩኤፍሲ ከ2014 ጀምሮ በተፋላሚዎች ተከሶ ነበር፤ ክሱ ገበያውን በእንዲህ ያሉ ውሎች ተቆጣጥሯል የሚል ሲሆን፣ በመጨረሻ ለከሳሾቹ 375 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተደረገው ስምምነት በ2025 በፍርድ ቤት ጸደቀ። ዲሴምበር 2017 ላይ የተፈረመ ውል እንግዲህ በዲሴምበር 2022 ይሞታል። ንጋኑ ማድረግ የነበረበት አዲስ ነገር አለመፈረም ብቻ ነው።

«ብቻ» ማለት ቀላል ነው። ተፋላሚ ካልተፋለመ አይከፈለውም። ደሞዝ የለም። ለጋን ፍልሚያ ፍልሚያዎችን የሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያ ኮሚሽን ይፋ ያደረገው የንጋኑ ክፍያ 600,000 ዶላር ነው፤ ሌሎች ገቢዎች እዚያ ውስጥ ላይታዩ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ከዚያ ውስጥ አሠልጣኝ፣ የልምምድ ካምፕ፣ ሥራ አስኪያጅና ግብር ይነሳሉ። መድረኩ ላይ የራሱን ስፖንሰር ስም መልበስ አይችልም፤ ሁሉም የድርጅቱን የጋራ ትጥቅ ይለብሳል፣ ከትጥቅ አምራቹ ቬነም ጋር በተደረገው ስምምነት ለሻምፒዮን የሚደርሰው በአንድ ፍልሚያ 42,000 ዶላር ነበር። ብዙዎች በዚህ ሁኔታ የተሻለ ቁጥር ሲቀርብላቸው ይፈርማሉ፤ ሲፈርሙም ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ይፈረዳል ለማለት አይደለም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው አንድ ዓመት ያለ ገቢ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

ንጋኑን የረዳው አንዱ ነገር፣ እንዲህ ሲባል ቢገርምም፣ ጉዳቱ ነው። በማርች 2022 ጉልበቱ በቀዶ ሕክምና ተሠራ፤ ያ ዓመት ለማንኛውም በማገገም የሚያልፍ ነበር። የጠየቃቸውን ነገሮች በኋላ ራሱ በይፋ ተናግሯል፦ የጤና መድን፣ የግል ስፖንሰር መብት፣ ቦክስ የመፋለም ፈቃድና ተፋላሚዎችን የሚወክል ሰው በስብሰባ ላይ መገኘት። አልተስማሙም። በጃንዋሪ 2023 ዩኤፍሲ ንጋኑን መልቀቁን አስታወቀ፤ ቀበቶው ባዶ ሆነ፣ በማርች ጆን ጆንስ ጋንን አሸንፎ ወሰደው። በስፖርቱ ታሪክ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ይዞ፣ ሳይሸነፍ፣ በራሱ ምርጫ የወጣ ሰው ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

በሜይ 2023 የዩኤፍሲ ተፎካካሪ ከሆነው ፒኤፍኤል ጋር ተፈራረመ። ስምምነቱ የፍልሚያ ክፍያ ብቻ አልነበረም፤ በድርጅቱ ውስጥ የባለቤትነት ድርሻና ያኔ ሊቋቋም በታሰበው የአፍሪካ ሊግ ውስጥ የሊቀመንበርነት ቦታ ነበረበት፣ ቦክስም ተፈቅዶለታል። ለሚገጥመው ሰው ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈልም አስገብቷል።

ሪያድ

ኦክቶበር 28 ቀን 2023 እንግሊዛዊውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪን በቦክስ ገጠመ። አሥር ዙር፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ ቀበቶ የለበትም። በሦስተኛው ዙር ከጎን በሚዞር የግራ ቡጢ (ሁክ) ጣለው። ፉሪ ተነስቶ በዳኞች ነጥብ አሸነፈ፤ ሁለቱ 95 ለ94ና 96 ለ93 ለፉሪ፣ አንዱ 95 ለ94 ለንጋኑ። በቦክስ ሙያ የመጀመሪያ ፍልሚያው ለሆነ ሰው ይህ ውጤት ማንም ያልጠበቀው ነው። የረዱት ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል፤ ከቦስተን ጀምሮ የተማረው ቁጠባ፣ ማለትም ቡጢን እየመረጡ መወርወር፣ እና ሲተቃቀፉ ግዙፉ ፉሪ ሊጫነው አለመቻሉ።

በማርች 2024 ሌላው እንግሊዛዊ ቦክሰኛ አንቶኒ ጆሹዋ ግን ሌላውን ገጽ አሳየ። ንጋኑ በግራኝ አቋቋም ሲቆም የጆሹዋ ቀኝ እጅ ቀጥተኛ መንገድ አገኘ፤ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ አቋቋም ሲቆሙ መሃሉ ለኋላ እጅ ይከፈታል። በኤምኤምኤ ይህን ቀዳዳ የእርግጫና የመጣል ስጋት ይሸፍነዋል፤ ተጋጣሚ ሙሉ ክብደቱን በቀኙ ላይ ጥሎ ለመግባት ያመነታል። በቦክስ ያ ስጋት የለም። ጆሹዋ በመጀመሪያው ዙር አንዴ፣ በሁለተኛው ሁለቴ ጣለው፤ በሁለተኛው ዙር 2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ላይ አበቃ። 10 አውንስ ጓንት ለስላሳ ነው የሚል ሰው ያን ቀኝ እጅ ይመልከት፤ ትልቁ ጓንት በዋነኝነት የሚጠብቀው የመቺውን እጅ ነው።

በኤፕሪል 2024 ንጋኑ የ15 ወር ወንድ ልጁን አጣ። በኦክቶበር 19 ቀን 2024 እንደገና ሪያድ ላይ ወደ ኤምኤምኤ ተመለሰ፤ ከሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ። ተጋጣሚው ብራዚላዊው ሬናን ፌሬራ ነው፤ 203 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በዝረራ የሚታወቅ። ሁለት ትልልቅ መቺዎች ሲገናኙ ሁሉም የጠበቀው ቆመው እንዲደባደቡ ነበር። ንጋኑ ወደ መሬት ጣለው፣ ከላይ ሆኖ እየመታ በመጀመሪያው ዙር 3 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ላይ ጨረሰው። ከዚያ ሌሊት በኋላ የኤምኤምኤ መዝገቡ 18 ድልና 3 ሽንፈት ሆነ፤ ሦስቱም ሽንፈቶች በዳኞች ነጥብ ናቸው።